ሲስተም ላይብረሪው ሚሞሪ ሊክ አለው (የያዘውን ሚሞሪ አይመልስም)፣ መንካት ደግሞ አልችልም፣ ምን ላድርግ?

ሌሊት_ኮደር፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ እስኪ አንድ ነገር አግዙኝ። ሊኑክስ ላይ በሲ የጻፍኩት ፒዲኤፍ ወደ ምስል የሚቀይር ሰርቪስ አለኝ፣ የሚጠቀመው ሲስተሙ ላይ ያለውን ሼርድ ላይብረሪ (ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙበት ኮድ) ነው። ሲነሳ 90 ሜጋ አካባቢ ነው የሚይዘው ግን በ5 ቀን ውስጥ 2 ጊጋ ይደርስና ከርነሉ ይገድለዋል፣ ያውም ሁሌ ሌሊት ሰው በተኛበት። መጀመሪያ የኔ ኮድ መስሎኝ ፍሪ ያላደረግኩትን (ይዤ ያልመለስኩትን ሚሞሪ) ስፈልግ ሁለት ቀን ፈጀሁ፣ በኋላ በቫልግሪንድ (ሊክ በሚፈልገው ቱል) ሳየው በየጥሪው 4 ኪሎባይት የሚጠፋው ላይብረሪው ውስጥ ነው፣ በቀን ደግሞ 100 ሺ ጊዜ ያህል እጠራዋለሁ። አፕዴት እንዳላደርገው ሌሎች ፕሮግራሞችም ይጠቀሙበታል፣ ሩትም (የአስተዳዳሪ ፈቃድ) አልተሰጠኝም። ምን ይሻላል?

ባዶ_ፖይንተር፦
ቫልግሪንድ ምን ብሎ ጻፈልህ፣ ዴፊኒትሊ ሎስት (ጨርሶ የጠፋ) ነው ወይስ ስቲል ሪቸብል (አሁንም የሚደረስበት)? ሁለተኛው ከሆነ ላይብረሪው አንዴ ይዞ የሚቆየው ካሽ ሊሆን ይችላል። ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሮጥ ስራ) ካበዛህ ደግሞ ጂሊብሲ (የሊኑክስ የሲ ላይብረሪ) ራሱ ሚሞሪ ቶሎ አይመልስም፣ 64 ቢት ላይ ለአንድ ኮር እስከ 8 አሬና (ሚሞሪ የሚያድልበት ክምችት) ይከፍታል። የአሬናውን ብዛት የሚገድበውን ማሎክ_አሬና_ማክስን 2 አድርገህ አስነሳውና እየው፣ ማደጉን ካቆመ ሊክ አልነበረም ማለት ነው።

ሌሊት_ኮደር፦
ዴፊኒትሊ ሎስት ነው የሚለው። ትሬድም አንድ ብቻ ነው ያለኝ። ጄማሎክን (ሌላ አሎኬተር፣ ማለትም ሚሞሪ አዳይ) በፕሪሎድ (ኮዱን ሳልነካ ቀድሞ እንዲጫን አድርጌ) ሞክሬ ነበር፣ ወይ ፍንክች።

ፎርክ_አድርገው፦
አይሰራማ! ፍሪ አድርግልኝ ያለው ከሌለ አሎኬተሩ ያ ቦታ እንደማያስፈልግ በምን ያውቃል? እኔም ደርሶብኝ ያዳነኝ ፎርክ (ፕሮሰሱን ገልብጦ ልጅ ፕሮሰስ መፍጠር) ነው። ዋናው ፕሮሰስ ላይብረሪውን ጨርሶ አይንካው፣ ስራ ይቀበልና ለልጁ ይስጥ፣ ልጁ 5000 ፋይል ሲሞላ ኤግዚት ይበል፣ አባትየው ዌይትፒድ አድርጎ (መውጣቱን ጠብቆ) ሌላ ያስነሳል። ፕሮሰስ ሲሞት ከርነሉ ሚሞሪውን ጠራርጎ ይወስዳል፣ ፍሪ ተደረገ አልተደረገ ደንታም የለው። 5000 በ4 ኪሎባይት ቢባዛ 20 ሜጋ ነው፣ ማን ያየዋል። አፓቼ ዌብ ሰርቨር ራሱ ማክስ ኮኔክሽንስ ፐር ቻይልድ የሚል ሴቲንግ (ልጁ ስንት ኮኔክሽን አስተናግዶ እንደሚወጣ የሚወስን) ያለው ለእንደዚህ አይነቱ ነገር ነው፣ ስለዚህ አትፈር 😀

ባዶ_ፖይንተር፦
ወይም ሊኩ የተስተካከለበትን ቨርዥን ሆምህ ውስጥ ኮምፓይል አድርገህ በኤልዲ_ላይብረሪ_ፓዝ (ላይብረሪ የት እንደሚፈለግ በሚናገረው ቫሪያብል) ለሰርቪስህ ብቻ ማሳየት ትችላለህ፣ ሩት አይጠይቅም። ግን ከዚያ ወዲያ ሴኪዩሪቲ አፕዴት ለዚያች ኮፒ አይደርሳትም፣ ራስህ ነህ የምትከታተለው። እኔ ብዙም አልወደውም።

ሌሊት_ኮደር፦
ፎርኩን አስገባሁት፣ 3 ቀን ሆነው፣ ልጁ 110 ሜጋ አካባቢ ሲደርስ ይወጣል በቃ። አንድ ነገር ብቻ አልፍቶኝ ነበር፣ ሎጉ ላይ አንዳንድ መስመር ሁለት ሁለት ጊዜ ይጻፍ ጀመረ፣ ለካ አባትየው በፈር (ጊዜያዊ ማቆያ) ውስጥ ገና ያልተጻፈው ከፎርኩ ጋር ይኮፒና ልጁ ሲወጣ እሱም ይጽፈዋል። ከፎርክ በፊት ኤፍፍለሽ (በፈሩን ጽፎ ባዶ የሚያደርገውን) ስጨምር ተስተካከለ። ባጉንም ከትንሽ ቴስት ኮድ ጋር ለላይብረሪው ሰዎች ልኬላቸዋለሁ።