ጥቆማ፦ ለጽሕፈትና ለህትመት ሱቅ የትኛው ፕሮሰሰር ይሻላል? (ደሴና ኮምቦልቻ)

«ኮምቦልቻ ላይ የፎቶኮፒና የጽሕፈት ሱቅ ልከፍት ነው፤ አራት ኮምፒውተር እፈልጋለሁ፤ አይ7 ካልሆነ እንዳትገዢ ብለውኛል» ላልሽው እህቴ ነው ይህን የምጽፈው። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ይህንኑ ሥራ ስሠራ ስድስት ዓመት ሆኖኛል፤ የማወራሽ በእጄ ስላለፈ ዕቃ ነው። አይ7 የሚለውን የኢንቴል ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ አንጎል) ተለጣፊ ለጊዜው ተዪው። ከእሱ በፊት የሚታየው ጀነሬሽኑ (የስንተኛ ትውልድ ሥሪት እንደሆነ፤ ለምሳሌ አይ5-8250ዩ ላይ 8 የምትለዋ) ነው፣ ቀጥሎ ከቁጥሩ መጨረሻ ያለችው ፊደል።

ይህን የተማርኩት መጀመሪያ በገዛሁት ላፕቶፕ ነው። ሻጩ ሁለት ያገለገሉ ላፕቶፖች ጎን ለጎን ከፈተልኝ፤ አንዱ አይ7-7500ዩ፣ ሌላው አይ5-8250ዩ። «ይኼ 2.7 ጊጋኸርዝ ነው፣ ያኛው 1.6 ብቻ» አለኝ። ቁጥሩ ውሸት አልነበረም። ብር ጨምሬ አይ7ቱን ይዤ ወጣሁ። ኋላ ሳጣራ 7500ዩ ያለው 2 ኮር (ሥራውን የሚከፋፈሉት የፕሮሰሰሩ ክፍሎች) ብቻ ነው፤ በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው 8250ዩ ደግሞ 4 ኮር አለው። ሁለቱም የ15 ዋት ናቸው። 1.6 የተባለው መነሻ ፍጥነቱ እንጂ ጣሪያው አይደለም፤ ሥራ ሲመጣ እስከ 3.4 ይወጣል፣ አይ7ቱም ከ3.5 አያልፍም። የአማርኛ መጻፊያው ፓወር ግዕዝ፣ ፎቶሾፕና አሥር የክሮም ታብ ተከፍተው ስካን ስታደርጊ ልዩነቱን ታይዋለሽ። ባለ ሁለት ኮሩ ይይዛል፣ ደንበኛ ቆሞ ይጠብቃል።

ስለዚህ ሱቅ ስትገቢ በተለጣፊው አትተማመኚ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኚ፤ ታስክ ማናጀር ሲከፈት ፐርፎርማንስ የሚለውን ንኪ። የፕሮሰሰሩ ሙሉ ስም ከላይ በቀኝ በኩል ይወጣል፣ ከታች ደግሞ የኮሩ ቁጥር አለ። እዚያ ላይ 2 ካየሽ ስሙ ምንም ቢሆን ለሱቅ አይሆንሽም። ሻጩ ማብራት አልፈልግም ካለሽ ሌላ ሱቅ ሂጂ።

አሁን ወደ መብራቱ እንምጣ፤ ለእኛ ዋናው ጉዳይ እሱ ነው። አንድ ቀን አንድ ተመራቂ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያሳትም ፍላሹን ሰጥቶኝ፣ የገጽ ቁጥሩን ሳስተካክልለት መብራት ሄደ። ዩፒኤሱ (መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያቆየው ዕቃ) መጮህ ጀመረ። ልጁ ፊቴን ሳይሆን ስክሪኑን ነው የሚያየው። ሴቭ አድርጌ ወደ ፒዲኤፍ መቀየር ስጀምር ጩኸቱ ፈጠነ፣ ወዲያው ድርግም አለ። ልጁ በማግስቱም ጠዋት ተመልሶ መጣ፤ ማስረከቢያው ያን ቀን ነበር።

የዚያ ዴስክቶፕ ፕሮሰሰር አይ5-4590 ነው፣ 84 ዋት ተብሎ የተመደበ። ቆጣሪሽ ሁልጊዜ 84 ዋት ይቆጥራል ማለት አይደለም፤ አምራቹ ፕሮሰሰሩ በሥራ ሲጨናነቅ የሚያወጣውን ሙቀት የሚገልጽበት ቁጥር ነው። ለማወዳደር ግን በቂ ነው። ተራ ዩፒኤስ ውስጥ ያለው ባትሪ ብዙውን ጊዜ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር-ሰዓት ነው፤ ሲባዛ 84 ዋት-ሰዓት ይሆናል። በመሃል የሚባክነውና ባትሪው ሲያረጅ የሚጎድለው ሲቀነስ ግማሹን ብታገኚ ጥሩ ነው። በእኔ ዩፒኤስ ያ ዴስክቶፕ ከነስክሪኑ 12 ደቂቃ ያህል ነበር የሚቆየው። አይ5-8500ቲ ባለው ሚኒ ኮምፒውተር ቀይሬ በዚያው ዩፒኤስ ስሞክረው ግማሽ ሰዓት አለፈ። ቲ የምትለዋ ፊደል ዋቱ ዝቅ ያለ መሆኑን ትነግርሻለች፦ 35 ዋት፣ ያውም በ6 ኮር። አሮጌው 4 ኮር ነበር። (ሌዘር ፕሪንተር ግን ከዩፒኤሱ ጋር እንዳትሰኪ፤ ሲሞቅ በአንዴ የሚስበው ኃይል ከባድ ነው።)

እንግዲህ ለአንቺ የምመክረው እነዚህን ሚኒዎች ነው። ዴል ኦፕቲፕሌክስ ማይክሮ፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክ ሚኒ ወይም ሌኖቮ ቲንክሴንተር ታይኒ ብለሽ ጠይቂ፤ ያገለገለ ይገኛል። ከትልቁ አራተኛ ጀነሬሽን ዴስክቶፕ ይወደዳሉ፤ ይሁን እንጂ ልዩነቱ ያዋጣል። ብር ካጠረሽ አይ5-6500ቲ ያለው ይረክሳል፣ 4 ኮር ነው፣ ለጽሕፈት ምንም አይልም። ጉድለቱ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 ከኢንቴል የሚቀበለው በጥቅሉ ከስምንተኛ ጀነሬሽን ጀምሮ መሆኑ ነው፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። የሰው ፍላሽ ቀኑን ሙሉ ለሚሰካበት ሱቅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አዲስ ዕቃ ብቻ ነው የምፈልገው ካልሽ ኤን100 የሚባል የኢንቴል ፕሮሰሰር ያላቸው ትንንሽ ኮምፒውተሮች አሉ፤ 4 ኮር፣ 6 ዋት። ለጽሕፈትና ለኦንላይን ምዝገባ ደስ ይላሉ፣ ለባነርና ለሠርግ ካርድ ዲዛይን ግን ይደክማሉ። ላፕቶፕ ከሆነ የኤኤምዲን ፕሮሰሰር ራይዘን 5 5500ዩ ካገኘሽ አትለፊው፤ በ15 ዋት 6 ኮር። ደሴ ላይ ግን እንደ ኢንቴል በየሱቁ አይታይም። መጨረሻቸው ኤችኪው የሆኑ የ45 ዋት ላፕቶፖችን ለከባድ የምህንድስና ሶፍትዌር ለሚጠቀሙ ተማሪዎች ተዪላቸው። በተለይ ኮምቦልቻ! ሐረጎን ወርደሽ ስትደርሺ ሙቀቱ ከደሴ ሌላ ነው፤ ፋኑ አቧራ የያዘ ላፕቶፕ ከሰዓት በኋላ ይግላል፣ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ያገለገለ ስትገዢ ፋኑን አስጠርጊ፣ ቴርማል ፔስቱንም (ከፕሮሰሰሩ ሙቀት የሚያስተላልፈውን ቅባት) አስቀይሪ።

የት ይገዛ ካልሽ፣ አዲስ አበባ ይረክሳል። ነገር ግን ዕቃው ቢበላሽ 400 ኪሎ ሜትር በመኪና ጭነሽ ልትመልሺ ነው፤ የመላኪያው ብር ያተረፍሽውን ይበላዋል። እኔ ለአንድ ወይም ለሁለት ዕቃ ደሴ እገዛለሁ፣ ዋስትናውን ደረሰኙ ላይ አጽፌ።

አራቱንም በአንዴ አትግዢ። አንዱን 8500ቲ ወስደሽ አንድ ሳምንት ሥሪበት፤ መብራት የሄደ ቀን በዩፒኤስ ስንት ደቂቃ እንደቆየ በስልክሽ ያዢ። ቁጥሩን እዚህ ብትጽፊልን ሌሎቹን ሦስት አብረን እንመርጣለን። ሌላ ፕሮሰሰር የሞከራችሁም ዋቱንና ደቂቃውን ጨምሩበት።