ጉበቴ ደህና ከሆነ ቫይረሱ የት ተደብቆ ነው?

የፒያሳ ልጅ፦ ሰላም ናችሁ። ለወንድሜ ደም ልሰጥ ሄጄ የጉበት ቫይረስ ቢ አለብህ ተባልኩ። ውጤቱን የሰጠችኝ ልጅ ቀና ብላ እንኳን ሳታየኝ «ቀጣይ!» አለች። ወረቀቱን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩና ከአራት ኪሎ ፒያሳ በእግሬ መጣሁ። ታክሲ መያዝም ረሳሁ። ሐኪሙ ኤኤልቲ 24 ነው፣ በየ6 ወሩ ተመርመር ብቻ አለኝ። እማዬ ደግሞ «የወፍ በሽታ ነው» ብላ ቅጠል ልትቀቅል ተነስታለች። መድኃኒት ለምን አልሰጡኝም?

ማይክሮስኮፕ፦ አይዞህ። ኤኤልቲ ጉበት ሴል ውስጥ የሚኖር ኢንዛይም ነው። ሴሉ ሲጎዳ ወደ ደም ይፈሳል። 24 ጥሩ ነው፣ ግን ብቻውን አይበቃም። የቫይረሱን መጠን ጠይቃቸው። እነ ቴኖፎቪር የሚባሉት መድኃኒቶች የቫይረሱን መባዛት ይገታሉ እንጂ ጨርሰው አያጠፉትም። ቫይረሱ የዘር ቅጂውን ሴሉ ኒውክለስ ውስጥ ያስቀምጣላ! የተመራማሪዎቹ ራስ ምታት እሱ ነው። ወደ ሴሉ የሚገባበትን በር ግን እ.ኤ.አ. በ2012 አግኝተውታል፤ ኤንቲሲፒ የሚባል የጉበት ሴል ፕሮቲን ነው።

እቴቴ፦ ልጄ፣ ቅጠሉን ተወው። ራሱ ጉበት የሚጎዳ አለ። ቤተሰቡ ይመርመር፤ ያልያዘው ይከተብ።

የፒያሳ ልጅ፦ ቅጠሉ ቀርቷል። እማዬ አኩርፋለች። ሰኞ አብረን እንሄዳለን።