አስቸኳይ፦ ባለቤቴ ያለ ጊዜው የተወለደውን ልጃችንን ነገ ለመጀመሪያ ጊዜ ልታየው ነው፤ እንዴት ላዘጋጃት?

አዲስ አባት (ጠያቂ)፣ ማታ 2፡15

ጤና ይስጥልኝ። ባለቤቴ ትናንት ሌሊት ቀኗ ሳይደርስ በቀዶ ሕክምና ወለደች። ወንድ ልጃችን ወዲያውኑ ወደ ጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል ተወሰደ፤ እርሷ እስካሁን አላየችውም። እኔ ዛሬ ቀትር ላይ ገብቼ ካየሁት በኋላ ጉልበቴ ከድቶኝ ግድግዳ ይዤ ነው የወጣሁት። አፍንጫው ላይ ቱቦ፣ አፉ ውስጥ ሌላ ቱቦ፣ እግሩ ላይ ቀይ መብራት አለ፤ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ ፊቱም በኮፍያውና በፕላስተሩ ተሸፍኖ በቅጡ አይታይም። ለእርሷ ግን «ደህና ነው፣ እንዲሞቀው ብቻ ነው የወሰዱት» አልኳት። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ እንድትገባ ሐኪሙ ፈቅዷል። አማቴ በበኩላቸው «አራስ እንዲህ ያለ ነገር ማየት የለባትም፤ ወተቷ ይደርቃል፤ ልጁ ጠና ሲል ትየው» ይላሉ። እርሷ በምትገባበት ጊዜ ለአምስት ደቂቃ ያህል ቱቦዎቹን እንዲያነሡለት ነርሶቹን ብለምን ይፈቅዱልኛል? ካልሆነ ምን ብዬ ላዘጋጃት? እባካችሁ ዛሬ ማታ መልሱልኝ።

የሕክምና ተማሪ፣ 2፡22

እንኳን ደስ ያላችሁ። በመጀመሪያ ነገሩን ከሥሩ መረዳት ይጠቅማል። 37 ሳምንት ሳይሞላው የተወለደ ሕፃን ያለ ጊዜው ተወለደ ይባላል፤ ከ28 ሳምንት በታች የሆነው ደግሞ እጅግ ቀድሞ የተወለደ ነው። እናት ሕፃኗን ራቁቱን ደረቷ ላይ አድርጋ የምትይዝበት የካንጋሮ እንክብካቤ የተጀመረው በ1978 እ.ኤ.አ. በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ ሲሆን፣ ኤድጋር ሬይ ሳናብሪያ የተባሉት ሐኪም ይህንን ያደረጉት ሕፃናቱ በዝተው ማሞቂያው ባነሰበት ሆስፒታል ውስጥ ነበር። ከችግር የተወለደው ዘዴ ዛሬ መሣሪያ በሞላባቸው አገሮችም ይሠራበታል። ስለዚህ ስለ ካንጋሮ እንክብካቤ አስቀድማችሁ ብታነቡ መልካም ነው።

የመንታ እናት፣ 2፡30

ወንድሜ፣ አይዞህ። ተማሪው የጻፈው ትክክል ቢሆንም ለዛሬ ማታ አይደርስም። ስንት ሳምንቱ ነው? ክብደቱስ? አፍንጫው ላይ ያለው ቱቦ ከአፍንጫው ቀዳዳ ላይ የሚያርፍ ነው ወይስ ወደ ውስጥ የገባ? ይህን ሳትነግረን ማንም በትክክል ሊመልስልህ አይችልም።

አንድ ነገር ግን ሳትዘገይ አድርግ። «እንዲሞቀው ብቻ ነው» ያልካትን ዛሬውኑ አስተካክል። እኔንም «ደህና ናቸው፣ ተኝተዋል» ብለውኝ ነበር፤ ከሦስት ቀን በኋላ ስገባ ያየሁትን ነገር ሁሉ ከእኔ እንደተደበቀ ሞት ቆጠርኩት። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀናት ሐኪሙ እውነቱን ሲነግረኝ እንኳ አላመንኩም ነበር።

አዲስ አባት (ጠያቂ)፣ 2፡41

ይቅርታ፣ ተጨንቄ ስለነበር ነው። 31 ሳምንቱ ነው፤ 1,350 ግራም ይመዝናል። አፍንጫው ላይ ያለው ሲፓፕ ነው ብለውኛል፤ ከጎኑ የውኃ ጠርሙስ አለ፣ ውኃው ሳያቋርጥ ይንፈቀፈቃል። አፉ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

እጅ ንጽሕና፣ 2፡48

ዋናው ነገር እጅ መታጠብ ነው። እጃችሁን በደንብ ታጠቡ፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

የጨቅላ ክፍል ነርስ፣ 3፡05

ጤና ይስጥልኝ። በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ውስጥ የምሠራ ነርስ ነኝ። ልጅዎን ሳላየው ስለ ሕመሙ መናገር አልችልም፤ ለባለቤትዎ ስለሚነግሯት ነገር ግን ልርዳዎት።

ቱቦዎቹን እንዲያነሡ እባክዎ አይለምኑ። በ31 ሳምንት የተወለደ ሕፃን ሳንባ፣ ትንንሾቹ የአየር ከረጢቶች አየር በወጣ ቁጥር እንዳይጣበቁ የሚያደርገውን ቅባት መሰል ፈሳሽ ገና በበቂ አላመረተም። ሲፓፕ የሚባለው መሣሪያ በማያቋርጥ የአየር ግፊት ከረጢቶቹን ክፍት አድርጎ ይይዝለታል፤ ለአምስት ደቂቃ ቢነሣ ከረጢቶቹ ሊከደኑና ሕፃኑ እንደገና ለመክፈት ሲታገል ሊደክም ይችላል። እርስዎን ያስፈራዎት የደረቱ መሰርጎድ ይህ ትግል ነው፤ መሣሪያው ደግሞ ትግሉን የሚያቀልለት ነው። የውኃው መንፈቅፈቅ ግፊቱ መኖሩን ያሳያል፤ ባለቤትዎ ከመግባቷ በፊት «ውኃ ሲንፈቀፈቅ ትሰሚያለሽ፤ ድምፁ ካለ መሣሪያው እየሠራለት ነው» ይበሏት። በአፉ የገባው በአብዛኛው ወተት ወደ ሆዱ የሚደርስበት ቱቦ ነው፤ መጥባት፣ መዋጥና መተንፈስን አቀናጅቶ መሥራት ሕፃናት የሚችሉት ወደ 34ኛው ሳምንት አካባቢ ስለሆነ፣ እስከዚያው ድረስ ጡት በአፉ ባይይዝም የእናቱን ወተት ያገኛል። እግሩ ላይ ያለው ቀይ መብራት በደሙ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካ እንጂ የሚያቃጥለው አይደለም። ቆዳው ስስና ቀላ ያለ፣ ትከሻውና ጀርባው ላይ ለስላሳ ጸጉር ያለበት ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዴም ለጥቂት ሰከንዶች መተንፈስ አቁሞ እንደገና ፈጠን ፈጠን ብሎ ይተነፍሳል። ቢጫነት ታይቶበት በሰማያዊ መብራት ሥር ከሆነ ዓይኑ ይሸፈናል፤ ይህንንም አስቀድማ ትወቅ፤ ዓይኑ የታመመ ይመስላትና ትደነግጣለች። ክብደቱን በቁጥር ብቻ አይንገሯት፤ ከአንድ ሊትር ተኩል ውኃ እንደሚያንስ ቢነግሯት መጠኑን በዓይነ ኅሊናዋ ታየዋለች።

አልጋው ላይ ያለው ካርድ የሚይዘው ብዙ ጊዜ የእናትየዋን ስም ነው፤ ልጁ በእርሷ ስም «የእገሊት ሕፃን» ተብሎ ይመዘገባል። ይህንን ሳያውቁ የሚገቡ እናቶች ከዚያ ሁሉ መሣሪያ መካከል የገዛ ስማቸውን ሲያነቡ የሚሰማቸውን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። አስቀድመው ይንገሯት፤ መጀመሪያ የምትፈልገው ያንን ካርድ ይሁን።

እርሷ ራሷ ገና አንድ ቀኗ ነውና ቁስሏን አይርሱ። የሕመም ማስታገሻዋ ሰዓት ከመግቢያው ጋር እንዲገጥም ነርሷን ይጠይቁ፤ አጥሚትም ቢሆን ቀምሳ ትግባ፤ ክፍሉ ለሕፃናቱ ሲባል ሞቃት ስለሆነ ቆማ ብትቆይ ልትወድቅ ትችላለች። ተሽከርካሪ ወንበር ይጠይቁላት፤ አልጋው አጠገብም ተቀምጣ ትየው። ቀለበት፣ አምባርና ሰዓት ይወልቃሉ፤ እጅ እስከ ክንድ በሳሙና ይታጠባል፤ ሽቶ አትቀባ።

ሲፈቀድላት እጇን አሙቃ፣ አንዱን መዳፏን በራሱ ላይ፣ ሌላውን በእግሩ ላይ አሳርፋ ዝም ብላ ትያዘው። መደባበስና ማሻሸት ለእንዲህ ያለ ሕፃን ያበዛበታል፤ የረጋ እጅ ግን ማኅፀን ውስጥ እንዳለ ዓይነት ስሜት ይሰጠዋል። ጣቶቹን ከዘረጋጋ፣ ስቅ ካለው ወይም መልኩ ከተለወጠ ደክሞታልና እጇን ቀስ አድርጋ ታንሣ፤ ጠልቷት እንዳይመስላት ይህንንም ይንገሯት። ቀስ ብላም ታናግረው፤ ድምፅዋን ከማኅፀን ጀምሮ ያውቀዋል። ብታለቅስ አይከልክሏት፤ ምንም ሳይሰማት ቀርታ ዝም ብትልም አይታዘቧት፤ ሁለቱም በየዕለቱ የምናየው ነው።

አያት፣ 3፡20

ልጄ፣ እግዚአብሔር ያሳድግልህ። እኔ ግን ከአማትህ ጋር ነኝ። ሆዷ የተቀደደ አራስ በማግስቱ ምን ያሯሩጣታል? ድንጋጤ ወተት ያደርቃል፤ ይህ ከእናቶቻችን የመጣ ነው። ደግሞም የሰባት ወር ልጅ ያድጋል፤ የማያድገው የስምንት ወር ነው። ትረፍ፣ ትብላ፣ ሰውነቷ ይጠገን፣ ከዚያ ትየው። አንተ በየቀኑ እየገባህ ንገራት።

ከሜሪላንድ፣ 3፡27

ልጃችን ከስድስት ዓመት በፊት በ30 ሳምንቷ እዚህ ተወለደች። ባለቤቴ ከመግባቷ በፊት ነርሷ ፎቶግራፍ አንሥታ አመጣችላት። መጀመሪያ የትንሿን እጅ ብቻ፣ ቀጥሎ ፊቷን፣ በመጨረሻ መሣሪያው ሁሉ የሚታይበትን አሳየቻት፤ እያንዳንዱን ቱቦም በጣቷ እየጠቆመች ነገረቻት። ባለቤቴ አልቅሳ የጨረሰችው አልጋዋ ላይ ሆና ስለነበር፣ ስትገባ ልጇን ለማየት ዓይኗ ክፍት ነበር። የማንቂያ ድምፁ ሲጮኽ እኔ ልሮጥ ስነሣ ነርሷ «ልጅህ ኬብሉን ረግጣ አውልቃዋለች፤ ከአሁኑ ጉልበተኛ ናት» ብላ አስቃን ነበር። ክፍሉ የሚፈቅድ ከሆነ ፎቶግራፍ ያንሡ፤ ብልጭታው ግን ይጥፋ።

የመንታ እናት፣ 3፡36

እማማ፣ የተናገሩት ከፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔንም እናቴ በዚሁ ምክንያት ሦስት ቀን አስቀርታኛለች። ነገር ግን ወተቴን ያሳነሰብኝ ልጆቼን ማየቴ ሳይሆን በእነዚያ ሦስት ቀናት ጡቴን የነካው አለመኖሩ ነው። ድንጋጤ ወተቱን ለጥቂት ጊዜ እንዳይወርድ ሊይዘው ይችላል፤ የሚያደርቀው ግን ጡቱ ሳይታለብ መዋሉና ማደሩ ነው።

ወንድሜ፣ ማንም ያልነገረህን ልንገርህ፤ ባለቤትህ ዛሬ ማታ ወተቷን በእጇ ማለብ ትጀምር። በቀንና በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ነው፤ ሌሊቱም አይዘለልም። መጀመሪያ የሚወጣው ጠብታ ነው፤ እንገሩ ስለሆነ አንዲት ጠብታ እንኳ አይጣልም። በምን ዕቃ እንደሚያዝና የት እንደሚቀመጥ የክፍሉን ነርሶች ጠይቅ። ነገ ስትገባ እጇ ባዶ አይሁን። እኔ መጀመሪያ የገባሁ ቀን ሁሉም ሰው ለልጆቼ የሚሠራው ነገር ነበረው፤ እኔ ብቻ ቆሜ ሞኒተሩ ላይ ቁጥር እቆጥር ነበር። በሌላ ቀን ግማሽ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ወተት ይዤ ስገባ ግን እናት መሆኔን አወቅሁ።

የሕክምና ተማሪ፣ 3፡50

ቀደም ሲል የጻፍኩት ለጥያቄው እንዳልመለሰ ተገንዝቤአለሁ። የሕፃኑ ክብደት ስለተገለጸ አሁን የሚጠቅም ነገር ልጨምር። በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ ከ1,000 እስከ 1,799 ግራም በሚመዝኑ ሕፃናት ላይ ተደርጎ በ2021 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የወጣ ጥናት አለ። ሕፃኑ እስኪጠና ሳይጠበቅ እናቶች ከተወለደበት ጊዜ አንሥቶ ጽኑ ሕክምና ክፍሉ ውስጥ አብረው ሆነው በደረታቸው ሲይዟቸው፣ በ28 ቀናት ውስጥ የሞቱት ከመቶ 12 ሲሆኑ፣ እንደ ቀድሞው ሕፃኑ እስኪረጋጋ በተጠበቀበት ወገን ግን ከመቶ 15.7 ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 እ.ኤ.አ. ካንጋሮ ከወሊድ በኋላ ቶሎ እንዲጀመርና በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት እንዲሆን መክሯል። ስለዚህ እናትየዋ ወደዚያ ክፍል የምትገባው እንደ ጠያቂ ዘመድ ሳይሆን የሕክምናው አንድ ክፍል ሆና ነው።

ለእማማ ደግሞ በአክብሮት፦ ሕፃን በማኅፀን በቆየ ቁጥር ሳንባውና አንጎሉ እየጠነከረ ስለሚሄድ የስምንት ወሩ ከሰባት ወሩ ይልቅ የመኖር ዕድሉ የሰፋ ነው። ይህንን የምጽፈው የስምንት ወር ልጅ ያላት ሌላ እናት አንብባ ተስፋ እንዳትቆርጥ ነው።

ስለ ሞኒተሩም፦ ቁጥሩ 100 ባይሆን አትደንግጡ። ኦክስጅን እየተሰጣቸው ባሉ እንዲህ ያሉ ሕፃናት የሚፈለገው አብዛኛውን ጊዜ ከ90 እስከ 95 ያለው ነው፤ ከልክ ያለፈ ኦክስጅን ዓይናቸውን ይጎዳል።

እጅ ንጽሕና፣ 3፡58

ቀለበትም ይውለቅ። እጅ መታጠብን በድጋሚ አሳስባለሁ።

አያት፣ 4፡06

የመንታ እናት፣ ሦስት ቀን ያልሽው ነገር ልቤን ነካው። እኔ ያየሁት የበኩር ልጄ ተወስዳ ሳላያት የቀረችበትን ዘመን ነው፤ ያኔም «አትይ» ብለውኝ ነበር። እንግዲህ ትሂድ። ነገር ግን ልጄ፣ ጀርባዋ ብርድ እንዳያገኘው ጋቢ ደርብላት፤ አማትህም ውጭ በር ላይ አብረው ይቀመጡ። እናት በር ላይ መኖሯ ብቻውን ብርታት ነው።

አዲስ አባት (ጠያቂ)፣ 4፡52

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቱቦዎቹ እንዲነሡ አልጠይቅም። አሁን ሁሉንም ነገርኳት፤ ፎቶግራፉንም እንደተባለው ከእጁ ጀምሬ አሳየኋት። ለረጅም ጊዜ አየችው። «ምን ተሸክሜ ነው? ያን ቀን ልብስ ባላጥብ ኖሮ?» አለች፤ የምመልሰው አጣሁ። ከዚያ ደግሞ «ያለቅሳል? ድምፁን ሰምተኸዋል?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ አልሰማሁም። ሲስተር፣ ይህ ምን ማለት ነው? አማቴም አፉን ለማሟሸት ትንሽ ለጋ ቅቤ ልላክ ይላሉ።

የጨቅላ ክፍል ነርስ፣ 5፡10

ልብስ ማጠብ ይህን አያመጣም፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ በምርመራም አይገኝም። ይህንን ከእርስዎ ብቻ ሳይሆን ከሐኪሙ አፍ እንድትሰማው ነገ በእርሷ ፊት ይጠይቁላት፤ ራሷን የምትከስ እናት ከባሏ የሚመጣውን መልስ እንደ ማጽናኛ እንጂ እንደ እውነት አትቆጥረውም።

ስለ ድምፁ፦ ሲፓፕ ላይ ያለ ሕፃን ያለቅሳል፤ ነገር ግን አቅሙ ትንሽ፣ የመሣሪያውም ድምፅ ከበላይ ስለሆነ፣ ጠጋ ብለው ካላዳመጡ እንደ ድመት ግልገል ሲር የምትል ቀጭን ድምፅ ብቻ ናት። ብዙ ጊዜም ይተኛል፤ መተኛቱ ለእድገቱ ነው። ጆሮዋን ወደ ማሞቂያው አስጠግታ ትጠብቅ።

ቅቤ፣ አብሽ፣ የስኳር ውኃ፣ ጤና አዳም፣ ምንም ነገር በአፉ አይግባ፤ አንጀቱ ገና ስስ ነው። አማትዎ መርዳት ከፈለጉ ንጹሕ ነጠላ ይላኩ፤ ለባለቤትዎም ከፊት የሚከፈት ሸሚዝ ያዘጋጁ። ሐኪሙንም «በካንጋሮ መያዝ የምትጀምረው መቼ ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ ሲፓፕ ላይ መሆኑ ብቻውን ሁልጊዜ አይከለክለውም፤ የሚወስነው የልጁ መርጋት ነው።

የመንታ እናት፣ በማግስቱ ቀን 7፡30

ወንድሜ፣ እንዴት ሆናችሁ? ድምፁን ሰማችው?

ሌላ እናት፣ ማታ 1፡05

የጠያቂው መልስ እስኪመጣ እኔም ልጠይቅ። ልጄ ትናንት በ33 ሳምንቷ ተወልዳ እዚያው ክፍል ገብታለች፤ ነገ ልይዛት ተፈቅዶልኛል። ነጠላው መቀቀል አለበት ወይስ ታጥቦ በፀሐይ መድረቁ ይበቃል?

የጨቅላ ክፍል ነርስ፣ 1፡20

እንኳን ማርያም ማረችሽ። በሳሙና ታጥቦ፣ በደንብ ተለቅልቆና ፈጽሞ ደርቆ፣ ቢቻል ተተኩሶ በንጹሕ ከረጢት ይምጣ። ሁለት አምጪ፤ አንዱ ሲረጥብ ሌላው ይተካል።