የፐርሲ ስሌጅን «ዌን ኤ ማን ላቭስ ኤ ዉማን» በባንድ መሥራት፦ ኦርጋኑ፣ ምቱ፣ ትንፋሾቹ

ሱሉልታ_ኪቦርድ (ጥያቄ)

ሰላም ቤተሰብ። ሱሉልታ ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ባላት ክፍል የምንለማመድ ባንድ ነን፤ ኪቦርድ፣ ቤዝ፣ ድራም፣ አልቶ ሳክስ፣ ትራምፔትና አንድ ዘፋኝ። ለሠርግ ፕሮግራም ከላይ የጻፍኩትን ዘፈን እያዘጋጀን ነው። ያስቸገሩን ነገሮች እነዚህ ናቸው፦ ሁለተኛው ቤት ላይ ስንደርስ ምቱ ወደ ችክችካ ይሄዳል፤ ኦርጋኑ የቤተ ክርስቲያን ይመስላል፤ ትንፋሾቹ ሲገቡ ከኪቦርዱ ጋር አይገጥሙም። ኦሪጅናሉ ያለበት ቁልፍ (ኪ) ዲ ፍላት ስለሚከብድ ወደ ዲ እናውጣው የሚልም አለ። ኦሪጅናሉ እንዴት እንደተሠራ የምታውቁ ብትነግሩን። ባለን ሁለት ማይክና ባለሁለት መግቢያ ኢንተርፌስ ልንቀዳውም አስበናል።

የሸክላ_ወዳጅ

መጀመሪያ የምትሰሙት የትኛውን እንደሆነ አረጋግጡ። በየሠርጉ የሚሰማው ብዙ ጊዜ የማይክል ቦልተን እ.ኤ.አ. የ1991ዱ ነው። እሱን እየሰማችሁ የስሌጅን ለመሥራት ከሞከራችሁ ድራሙም ኪቦርዱም ይበዛባችኋል።

የስሌጅ እ.ኤ.አ. በ1966 መጀመሪያ አላባማ ውስጥ ሼፊልድ በምትባል ትንሽ ከተማ ተቀዳ። ስቱዲዮው ኖራላ ይባላል፤ ባለቤቱ ኩዊን አይቪ የሬዲዮ ዲጄ ሆኖ የሸክላ ሱቅም ነበረው። ስሌጅ በዚያን ጊዜ ሆስፒታል ውስጥ የበሽተኛ ረዳት ነበር፤ ቅዳሜና እሑድ ኤስኳየርስ ከሚባል ባንድ ጋር ይዘፍናል። ዜማው ከፍቅረኛው ከተለየ በኋላ ያንጎራጎረው ነው፤ ግጥሙ ቆይቶ ተቃና። ሸክላው ላይ በደራሲነት የሰፈሩት ግን የባንዱ ልጆች ካልቪን ሉዊስና አንድሩ ራይት ናቸው። ስሌጅ ስሙን ለእነሱ ለቀቀ፤ የደራሲነቱም ገቢ አብሮ ሄደ።

ለእናንተ የሚጠቅመው የተጫወቱት ሰዎች ማንነት ነው። ኦርጋን ስፑነር ኦልድሃም፣ ድራም ሮጀር ሆኪንስ፣ ቤዝ ጁኒየር ሎው፣ ጊታር ማርሊን ግሪን። በሙያው የበሰሉ፣ ከሚያስፈልገው በላይ አንድ ኖታ የማይጨምሩ ናቸው። ኦርጋኑም ሃሞንድ ሳይሆን ፋርፊሳ ነው፤ ጣልያን ሠራሹ፣ ቀጭን ድምፅ ያለው የትራንዚስተር ኦርጋን። የቤተ ክርስቲያን የመሰለህ «ቸርች ኦርጋን» ወይም ሙሉ የሃሞንድ ድምፅ መርጠህ ይሆናል። «ኮምቦ» ወይም «ትራንዚስተር ኦርጋን» የሚል ፈልግ። ከሌለ ቀላሉን ሃሞንድ ውሰድና የሚሽከረከረውን ስፒከር ውጤት አጥፋ፤ ባሱን ቀንስ፤ ጥቂት ሪቨርብ ስጠው። «ተች» (የጣት ጉልበት መለያ) የሚለውንም አጥፋው፤ ኦርጋን በጣት ጉልበት አይጮህም፣ አይቀንስም። ሰስቴይን ፔዳል ፈጽሞ አትንካ።

ትራንስፖዙን (ቁልፍ ማዛወሪያውን) +1 አድርገህ በሲ ተጫወት። የቤቱ ኮርድ ይህ ነው፦ ሲ፣ ጂ (ቤዙ ቢ ላይ)፣ ኤ ማይነር፣ ሲ (ቤዙ ጂ ላይ)፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ሲ፣ ጂ። እያንዳንዱ ሁለት ትልልቅ ምት ይቆያል። ቀኝ እጅ ብዙ አይዘልም (በዶ ሬ ሚ ስጽፍ ዶ ማለት ሲ፣ ሲ ማለት ቢ ነው)፦ ሚ‑ሶል‑ዶ፣ ሬ‑ሶል‑ሲ፣ ዶ‑ሚ‑ላ፣ ዶ‑ሚ‑ሶል፣ ዶ‑ፋ‑ላ፣ ሲ‑ሬ‑ሶል፣ ዶ‑ሚ‑ሶል፣ ሲ‑ሬ‑ሶል። የጋራ ኖታ ያለበትን ጣት አታንሳ። ሦስቱንም ጣት አንስተህ እንደገና ከመታህ ኦርጋኑ ይቆራረጥና ዘፋኙ የሚደገፍበት ያጣል።

ባለ_ዱላ

የድራሙ ነገር። ችክችካም ይህም በሦስት የሚከፈል ምት ስላላቸው እጅ ወደለመደው መሄዱ አይገርምም። ልዩነቱ ይህ ዘፈን አራት ትልልቅ ምት ያለው መሆኑ ነው፤ እያንዳንዳቸው ለሦስት ይከፈላሉ፣ በድምሩ አሥራ ሁለት። ስኔሩ 2 እና 4 ላይ ብቻ ይወድቃል። ድራመራችሁ በስድስት ከቆጠረ ግን አሥራ ሁለቱን ግማሽ ላይ ይቆርጠዋል፤ ስኔሩ ቦታ ይቀያየርበታል፤ ሁለተኛው ቤት ላይ ተናጋ የምትሉትም ያን ነው።

መድኃኒቱ ሜትሮኖሙን በትልቁ ምት ሳይሆን በትንሿ ላይ ማድረግ ነው፤ ቴምፖው ቀርፋፋ ስለሆነ በሁለት ትልልቅ ምት መካከል ያለው ባዶ ቦታ ሰውን ያስቸኩላል። ኦሪጅናሉን ከፍታችሁ የሃይ‑ሃቷን ፍጥነት በሜትሮኖሙ ታፕ ቁልፍ እየነካችሁ ያዙ፤ እሱን አስቀምጡ። ከዚያ ለልምምድ ድራመሩ ሃይ‑ሃት ብቻ፣ ቤዙ ትልልቆቹን ምቶች ብቻ ይዘው ዘፈኑን እስከ መጨረሻ ይሂዱ። ፊል (የድራም ማስጌጫ) የሚባል ነገር ክልክል። ከቤት ወደ ቤት መሻገሪያ ላይ ስኔር ላይ ሦስት ምት ቢበዛ ነው። ሪም ሾት (የስኔሩን ጠርዝና ቆዳ በአንዴ) መምታት ያማረው ለመጨረሻው ዙር ያቆየው።

ሁለተኛ_ትራምፔት

ወደ ዲ አታውጡት! ዲ ፍላት ለኪቦርድ ይከብድ ይሆናል፤ ለትንፋሽ ግን ምቹ ነው። በዲ ፍላት ሲሆን ትራምፔቱ በኢ ፍላት፣ አልቶው በቢ ፍላት ያነባሉ፤ ሦስት ፍላትና ሁለት ፍላት። ወደ ዲ ካወጣችሁት ትራምፔቱ በኢ (አራት ሻርፕ)፣ አልቶው በቢ (አምስት ሻርፕ) ይገባሉ። ለኪቦርዲስት አንድ ቁልፍ መጫን ነው፤ ለሳክሲስት ሙሉ የጣት ለውጥ።

ዘፋኙ ካልደረሰ ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ስሌጅ ገና ከመጀመሪያው ቃል ከፍ ብሎ ነው የሚነሣው፤ መጀመሪያውን አለስልሶ በኋላ እጮሃለሁ የሚል ዘፋኝ እዚህ አይሆንለትም። ወደ ሲ አውርዱት፣ ከዚያ በታች ግን አትሂዱ።

ስለ አለመግጠም፦ ኦሪጅናሉም አልገጠመም። ትንፋሾቹ ቅኝታቸው ስለሳተ የአትላንቲክ ሸክላ አሳታሚው ጄሪ ዌክስለር እንደገና ይቀዳ አለ፤ ተቀዳ፤ ነገር ግን ቴፑ ተቀያይሮ የታተመው የመጀመሪያው ሆነ። እሱው ራሱ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1966 በአሜሪካ አንደኛ ወጣ። ይህን ሰምታችሁ ግን እኛም እንደዚያ እንተወው እንዳትሉ፤ እዚያ ድምፁ ሸክላው ውስጥ ተቀብሮ ነው የሚሰማው፣ እናንተ ሠርግ ላይ ሰው ፊት ናችሁ።

የእናንተ ምክንያት ብርዱ ነው። ቀዝቃዛ አየር ያለበት መሣሪያ ዝቅ ይላል፤ ውስጡ ያለው አየር በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢለያይ ልዩነቱ ወደ 30 ሴንት ይጠጋል፣ የግማሽ ድምፅ ሢሶ ማለት ነው። ትንፋሾቹ ደግሞ የሚገቡት ወደ ዘፈኑ ማብቂያ ነው። ሞቀው ቢጀምሩ እንኳ ሁለት ደቂቃ ቆመው ይበርዳሉ። 10 ደቂቃ ነፍታችሁ ከሞቃችሁ በኋላ በኪቦርዱ ተስማሙ። ተራችሁን ስትጠብቁ ድምፅ ሳታወጡ ሞቅ ያለ ትንፋሽ በቱቦው ውስጥ አሳልፉ። ኪቦርዱ በሙቀትና በብርድ አይለወጥምና እሱን ወደ እናንተ አታምጡት።

ሱሉልታ_ኪቦርድ

በጣም አመሰግናለሁ፤ በዲ ፍላት ይቆያል። ተቀባዮቹስ? ሁለት ልጆች አሉን፣ ሲቀበሉ የሆነ ቦታ ላይ ሁሌ ይጋጫል።

የሸክላ_ወዳጅ

የሚጋጨው ኤፍና ጂ ላይ መሆን አለበት። በትዝታ ሜጀር ያደገ ጆሮ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ነው የሚያውቀው፤ ፋና ሲ የሉትም። ተቀባይ በራሱ ሲፈልግ ኤፍ ላይ ሚ ወይም ሶል ይይዛል፣ ጂ ላይ ዶ ይይዛል፤ ያ ነው የሚፋጨው። ኦርጋኑን እየያዝክ አንዷን ዶ‑ሲ‑ላ‑ሶል‑ላ‑ሲ‑ዶ፣ ሌላዋን ሚ‑ሬ‑ዶ‑ዶ‑ዶ‑ሬ‑ሚ በአፍ «ኡ» ለይተህ አስጠናቸው፤ ቃል አይጨምሩ። የመጀመሪያውን ቤት ዘፋኙ ብቻውን ከኦርጋኑ ጋር ይሂድ። ድምፅ ማንቀጥቀጥም ለእሱ ይቅር፤ ተቀባይ ቀጥ ብሎ ይይዛል።

አራት_ክር

ለቤዙ በአጭሩ፦ በዲ ፍላት እጁ ከ1 እስከ 4 ፍሬት አይወጣም። ኤ ክር ላይ 4፣ 3፣ 1፤ ኢ ክር ላይ 4፣ 2፣ 4፤ ተመልሶ ኤ ክር 4። ክፍት ክር ስለሌለ ሁሉንም በእጁ ማፈን ይችላል። ወደ ቢ ፍላት ከወረዳችሁ ግን ኢ ፍላት ከወፍራሙ ክር በታች ትሆንበታለች፤ ቤዙ በደረጃ የሚወርድበት መውረጃ ተሰብሮ ወደ ላይ ይዘላል፣ የዘፈኑ ውበት ግማሹ ያ መውረጃ ነው።

ገመድ_ፈቺ

ቀረጻው። በሁለት መግቢያ ሁሉን በአንዴ አትሞክሩ፤ በሦስት ዙር ይሁን። አንደኛ፦ ኪቦርድና ቤዝ በሚክሰር ተደምረው አንዱ መግቢያ፣ ለድራም አንድ ማይክ በድራመሩ ትከሻ በኩል ከስኔሩ አንድ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ። የኪቦርዱና የቤዙ ሚዛን በኋላ ስለማይስተካከል ከመቅዳታችሁ በፊት በሄድፎን ወስኑት። ሁለተኛ ዘፋኙ፣ ሦስተኛ ትንፋሾቹ በአንድ ማይክ፦ ሳክሱ 70 ሴንቲ ሜትር፣ ትራምፔቱ ሁለት ሜትር ያህል ርቆ፣ ደወሉን ትንሽ ወደ ጎን አዙሮ። ከፍተኛው ድምፅ ‑12 ዲቢ አካባቢ ይቁም፤ ይህ ዘፋኝ መጨረሻ ላይ ይጮሃል።

ቆርቆሮውና ሲሚንቶው ወለል ድምፁን ይቀባበሉታል። ለዘፋኙ ፍራሽ ከጀርባው አቁሙ፤ ማይኩ የሚሰማው ፊት ለፊቱን ስለሆነ ከዘፋኙ ኋላ ያለው ግድግዳ ነው የሚያስቸግረው። ከአናቱ በላይ ቡሉኮ ወጥሩ። በክረምት ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት ስለሚመጣ ዘፋኙን ጠዋት፣ ትንፋሾቹን ክፍሏ ስትሞቅ ወደ እኩለ ቀን ቅዱ። ቆርቆሮ ላይ የወረደ ዝናብ አንዴ ድምፁ ውስጥ ከገባ ድምፁን ሳይጎዱ በሶፍትዌር ማውጣት ይከብዳል።

«እምም» የሚል ድምፅ ካለ ሁሉንም ዕቃ ከአንድ ዲቫይደር አብሩ፤ ፍሪጅና ምጣድ በዚያ መስመር ላይ ካሉ ንቀሉ። ድምፁን ለማጥፋት ብላችሁ የኧርዙን እግር ግን እንዳትቆርጡ፤ ማይክ ላይ ከንፈሩን ያስጠጋ ዘፋኝ ነው የሚመታው። ላፕቶፑ በባትሪ ይሥራ፣ ኢንተርፌሱን ከእሱ በዩኤስቢ አብሩት፤ መብራት ቢጠፋም ፋይሉ አይበላሽም። ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ወደ ፍላሽ ገልብጡ።