የጀልባ ሞተር እየጋለ አስቸገረኝ፣ የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ወገን፣ ባህር ዳር ጣና ላይ ሰው የማመላልስባት ጀልባ አለችኝ፣ ሞተሯ 40 ፈረስ ጉልበት ባለ 2 ስትሮክ ነው። ሰሞኑን ወደ ዘጌ ስሄድ ገና 15 ደቂቃ ሳልነዳ አላርሙ ይጮህና ጉልበቱ ይወርዳል፣ ቀስ ብዬ ስሄድ ግን ደህና ነው ጋዝ ስሰጠው ነው የሚብሰው።

መጀመሪያ እምቦጭ መስሎኝ ነበር (መቼም እዚህ ሁሉ ነገር በሱ ነው የሚሳበበው) ውሃ የሚስብበት ወንፊት ላይ እውነትም ሥሩ ተጠምጥሞ አገኘሁትና አጸዳሁት፣ ለውጥ የለም። ቴርሞስታቱን (ሞተሩ ሲሞቅ ለማቀዝቀዣው ውሃ መንገድ የሚከፍተውን) አውጥቼ የፈላ ውሃ ውስጥ ስከተው ይከፈታል። ከዛ የውሃ ፓምፑን ስፈታው የኢምፔለሩ ጎማ (ውሃውን የሚገፋው ባለ ክንፍ) ሁለት ክንፍ ተቆርጦ የለም! አዲስ ቀየርኩለት፣ ግን ከሞተሩ ጎን የሚፈናጠቀው የማቀዝቀዣ ውሃ አሁንም ቀጭን ነው፣ ቀዳዳውንም በሽቦ ጎርጉሬዋለሁ።

የኔ ጥርጣሬ የተቆረጠው ጎማ ከላይ የውሃ መስመሩ ውስጥ ተሰንቅሯል ነው። መካኒኩ ደግሞ ጓርኒሲዮኑ (ውሃ ወደ ሲሊንደር እንዳይገባ የሚያሽገው) ነው፣ ቴስታታው (የሞተሩ የላይ ክዳን) ይከፈት ይለኛል፣ ካንዴላዎቹን ሳያቸው ግን ደረቅ ናቸው ውሃ አልነካቸውም። ቴስታታ ከተከፈተ ጓርኒሲዮን መቀየሩ አይቀርም፣ እሱን ደግሞ እዚህ ማግኘት ፈተና ነው። ቴርሞስታቱ ወጥቶ ከላይ በኮምፕሬሰር አየር ወደታች ብነፋው ጎማው ይወጣል ወይስ ጭራሽ ሌላ ጣጣ ውስጥ እገባለሁ? የሞከረ ካለ ቶሎ በሉኝ፣ ጀልባዋ ቆማለች