ሳምቡካ መጠጡ ነው ወይስ መሣሪያው?

የደሴው ክራር፦
ሰላም ወገን። ደሴ ማታ ማታ ክራር እጫወታለሁ። ትናንት ከልምምድ በኋላ ጥያቄና መልስ ስንጫወት «የጥንት ባለክር መሣሪያም መጠጥም የሆነ ስም» የሚል መጣና መልሱ ሳምቡካ ነው ተባለ። መጠጡንማ አውቀዋለሁ፤ የምሠራበት ቤት መደርደሪያ ላይ አለ፣ እንስላል እንስላል ይሸታል። መሣሪያ መሆኑን ግን ገና መስማቴ ነው። እውነት ነው? ክራር ይመስላል? መጠጡስ ስሙን ያገኘው ከሱ ነው?

ኮምቦልቻ፦
አዎ ወንድሜ፣ እውነት ነው። ባለ ሦስት ማዕዘን መሣሪያ ነበር፤ ክሮቹ አጫጭር ስለሆኑ ድምፁ ቀጭን ነው። ግሪኮች ሳምቢኬ ይሉታል። ትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 3 ላይ፣ ናቡከደነፆር ለወርቁ ምስል ስገዱ ሲል ከተደረደሩት መሣሪያዎች አንዱ በአራማይኩ ሳቤካ ነው፤ በኛው መጽሐፍ ቅዱስ ቦታው ላይ መሰንቆ፣ ክራር፣ በገና እያለ ይሄዳል። እንደ ክራር ግን ሁለት ምሰሶና ቀንበር የለውም። ደግሞ ሮማውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ213 በሲሲሊ ያለችውን የግሪኮች ከተማ ሰራኩስን ሲከብቡ ሁለት መርከብ አስረው ትልቅ መሰላል ጫኑበትና መልኩ መሣሪያውን ስለሚመስል ሳምቡካ አሉት። የከተማዋ ሊቅ አርኪሜድስ ከግንቡ ላይ ድንጋይ እየለቀቀ ሰባበረባቸው።

ጋሽ አምባሰል፦
ልጄ፣ የመጠጡ ስም በቀጥታ ከመሣሪያው የመጣ አይመስልም። ብዙ ጊዜ የሚያያዘው ሳምቡከስ ከሚባል ጥቁር ፍሬ ከሚያፈራ የአውሮፓ ቁጥቋጦ ጋር ነው። መጠጡ የጣሊያን ነው፣ የአልኮል መጠኑ ቢያንስ 38 በመቶ ነው፣ ውሃ ጠብ ስታደርግበት እንደ ግሪኮቹ መጠጥ እንደ ኡዞ ነጥቶ ወተት ይመስላል። ጣሊያኖች ሦስት የቡና ፍሬ ጣል አድርገውበት «ከነዝንቡ» ይሉታል፤ ለጤና፣ ለደስታ፣ ለብልጽግና ነው ይባላል። እኛ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለን ሦስት እንደምንጠጣው ደስ አለኝ።

የደሴው ክራር፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ኮምቦልቻም ተባረክ። እኔ ደግሞ እንደ ባቲ መስሎኝ ነበር። ባቲ ገበያው ነው፣ ባቲ ቅኝቱም ነው፣ ግን ስሙ አንድ ነው፤ አምባሰልም እንደዛው። ዛሬ ማታ ለቤቱ ባለቤት ጠርሙሱን አውርጄ አሳያትና የሰራኩሱን መሰላል እነግራታለሁ፣ ከዛ በባቲ ቅኝት እከፍታለሁ።