ባርጌት የሚባለውን የእንግሊዝ ከተማ በር ታሪክ የሚያውቅ አለ?

የጃንተከል ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ፋሲል ግቢ አስጎብኚ ነኝ። ሰሞኑን ከሳውዝሃምፕተን የመጡ ባልና ሚስት ይዤ ነበር። እምቢልታ በር፣ ባልደራስ በር፣ እንኮዬ በር እያልኩ ሳዞራቸው ሰውየው ስልኩን አወጣና የከተማውን በር አሳየኝ። ባርጌት ይሉታል። ትልቅ የድንጋይ በር ነው፤ ግን ግራና ቀኙ ባዶ፣ ግንብ የሚባል ነገር የለውም። ማን ሠራው? ግንቡስ የት ሄደ? እንግዳ ፊት አፍ መያዝ አልወድም፤ የምታውቁ አስረዱኝ።

አዘዞ ሠፈር፦
ልጄ፣ ከሰው አገኘኸኝ። እዚያ ከተማ ተምሬያለሁ፤ ወደ ገበያ ስሄድ በሥሩ ነበር የማልፈው። ከተማዋ ታይታኒክ በ1912 የተነሳችበት ወደብ ናት (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልህ)።

ባርጌት የከተማዋ የሰሜን በር ነው፤ ወደ ዊንቸስተርና ወደ ለንደን የሚያወጣው። መጀመሪያ ቅስቱ በ1180 ገደማ ተሠራ። ሁለቱ ክብ ማማዎች በ1290 አካባቢ ተጨመሩ፤ ወደ ውጭ የሚያየው ፊቱ ደግሞ በ1400 ገደማ። ፋሲል ጎንደርን በ1636 ሲቆረቁር ያ ቅስት 450 ዓመት ሞልቶት ነበር ማለት ነው።

አሁን የሚገርመውን ልንገርህ። ይህን ሁሉ ድንጋይ የከመሩት በየብስ በኩል ነው። በባሕር በኩል ከተማዋ አብዛኛው ክፍት ነበረች፤ ነጋዴው መርከቡን ቤቱ ደጃፍ ማቆም ይፈልጋላ! በጥቅምት 1338 ፈረንሳዮችና ጄኖቫዎች (የጣሊያኗ ወደብ የጄኖቫ ሰዎች) በመርከብ መጡ። እሑድ ነው፣ ሕዝቡ ቅዳሴ ላይ ነው። ዘረፉ፣ ገደሉ፣ አቃጠሉ። ያ ሁሉ የሰሜን በር ምንም አልፈየደም። ከዚያ በኋላ ነው ንጉሥ ኤድዋርድ ሦስተኛ በባሕሩም በኩል ግንብ ይሠራ ያለው።

ስለዚህ እንግዶችህ "የጦር በር ነው" ካሉህ ዝም ብለህ አትቀበል። እንደ እኔ እንደ እኔ ባርጌት ከምንም በላይ ኬላ ነበር። ከወደቡ ጭኖ የሚወጣ ጋሪ ሁሉ እዚያ ይቆማል፣ ይመዘገባል፣ ይከፍላል። መዝገቡም ጠፍቶ አልቀረም። ከ1430 እስከ 1540 ካለው ዘመን የብዙ ዓመታቱ ዛሬም አለ። ባለ ጋሪው ማን ይባላል፣ ምን ጫነ፣ ወዴት ይሄዳል፣ ስንት ከፈለ፣ ሁሉም ተጽፏል። ወይን ጠጅ፣ ዓሣ፣ ዘቢብ፣ ለሶልስበሪ ሸማኔዎች ደግሞ ሰማያዊ የሚያቀልም የቅጠል ማቅለሚያ። ስለ ንጉሥ ሳይሆን ስለ ባለ ጋሪ የሚናገር ሰነድ እኮ ብርቅ ነው!

ደም ያየበትም ጊዜ አለ። በ1415 ሄንሪ አምስተኛ ፈረንሳይን ሊወጋ እዚያው ጦሩን እያከማቸ ሳለ ሴራ ተደረሰበት። ሴረኞቹ ሦስት ነበሩ፤ የካምብሪጅ ኧርል (የመኳንንት ማዕረግ ነው)፣ ሎርድ ስክሮፕና ሰር ቶማስ ግሬይ። ከዚያው በር ፊት ለፊት አንገታቸው ተቀላ።

ቀሃ ዳር፦
ጋሼ እናመሰግናለን። ግን ግንቡን ማን አፈረሰው? ጦርነት ነው?

አዘዞ ሠፈር፦
ጦርነትማ ቢሆን ባልከፋኝ። መኪና ነው። የቅስቱ መተላለፊያ ጠባብም ዝቅተኛም ነው። ትራሙ (በመንገድ ላይ በሐዲድ የሚሄደው ባለ ፎቅ የከተማ ባቡር) ግን በውስጡ ነበር የሚያልፈው። ስለዚህ የትራሙ ፎቅ ላይ ጣሪያ የለም፣ ተሳፋሪው መሀል ላይ ጀርባ ለጀርባ ይቀመጣል፣ ጭንቅላቱ ቅስቱን እንዳይመታ። በ1923 በቅስቱ ልክ የተጎበጠ ጣሪያ ያለው ትራም ሠሩ። ለበሩ ብለው ትራሙን ጎበጥ አደረጉት እንጂ በሩን አልነኩም፤ ይህን አደንቅላቸዋለሁ። መኪና ሲበዛ ግን አልቻሉም። በ1930ዎቹ በምሥራቅም በምዕራብም የነበረውን ግንብ አፍርሰው መንገዱን በግራና በቀኝ አዞሩት። በሩ ተረፈ፣ ግን መሀል መንገድ ላይ ብቻውን ቀረ። በ1940 ደግሞ የጀርመን ቦምብ አካባቢውን ሲያጋየው እሱ ቆመ።

ፒያሳ ነኝ፦
ይቅርታ፣ እኛን ከዚህ ጋር ምን አገናኘን? የእኛ የነገሥታት ግቢ ነው፣ የነሱ የገበያ በር። ማወዳደሩ ራሱ ልክ አይደለም።

አዘዞ ሠፈር፦
ልክ ብለሃል፤ እኔም የምለው እሱን ነው። የፋሲል ግቢ አጥር 900 ሜትር ያህል ነው፤ የሚከበው ቤተ መንግሥቱን እንጂ ከተማውን አይደለም። ጎንደር ከተማ ዙሪያዋን የከበበ ግንብ አልነበራትም። ቀረጡ የነጋድራሱ ጉዳይ ነበር። አሥራ ሁለቱ በሮች የሚለዩት ሰውን ነው፦ ፈራጁ በወንበር በር፣ ሙዚቀኛው በእምቢልታ በር፣ ፈረሰኛው በባልደራስ በር። ባርጌት ግን ማንነትህን አይጠይቅም፣ ጭነትህን ነው የሚጠይቀው። ልዩነቱን ካሳየሃቸው እንግዶችህ ይወዱታል።

የጃንተከል ልጅ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ዕድሜ ይስጥዎ። የባለ ጋሪዎቹን መዝገብ ነገ ጀምሬ እነግራቸዋለሁ። አንድ ልጨምር፤ የባርጌት ፎቅ ላይ ምን ነበር? መስኮት አይቻለሁ።

አዘዞ ሠፈር፦
የከተማው አዳራሽ። ሹማምንቱ እዚያ ይሰበሰቡ ነበር፣ ኋላም ፍርድ ቤት ሆነ፤ እስር ቤትም ሆኖ ያውቃል። ወደ ከተማው በሚያየው ጎኑ ደግሞ ንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ የሮማ ልብስ ለብሶ ቆሟል። እንግሊዝ አገር፣ በዚያ ብርድ! ምን ታይቷቸው እንደሆነ እንግዶችህን ጠይቅልኝ።